ቃሬዛ ለብቻ አይነሳም

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 1975 ዓ.ም.

እናታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ብርድ ሲነካሽ የሚነሳብሽ ቁርጥማት ተወት አደረገሽ? ቡሬ ዝናቡ ጀምሯል ይሉናል፤ እኛ ጋ ሰማዩ እያጉረመረመ ያልፋል እንጂ ጠብ አላለም። እኔ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገንና፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም። ፊደሉን ተለቅ ተለቅ ያደረግሁት መሠረተ ትምህርትን ስለጨረስሽ ነው። ራስሽ አንብቢው፣ ለማንም አታስነብቢ። በፖስታ ያልላክሁትም ለዚሁ ነው። የምታመጣልሽ ራዲያ የመምህር ሙሄዲን ባለቤት ናት፤ ለገበያ ስትወጣ አደራ ብያታለሁ። በባዶ እጇ እንዳትሸኛት።

እንግዲህ ልጅሽ የመምህራን ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ጸሐፊ ከሆነች ወዲህ የወሬ ድሃ አይደለችም። ስመረጥ «ከወንዶች መሀል ተቀምጠሽ ምን ልትሠሪ?» ብለሽኝ አልነበር? ስሚኝማ።

ባላምባራስ ሙጬ ማረፋቸውን ሰምተሻል። መሬታቸው ከተወረሰ ወዲህ «ፊውዳል» ከሚለው ስም ሌላ የቀራቸው አልነበረም፤ ትምህርት ቤታችን የቆመው ግን ዱሮ እሳቸው በሰጡት መሬት ላይ ነው። ቀብራቸው ከውይይት ክበብ ቀን ጋር ገጠመ። ከክበቡ መቅረት ያስጠይቃል፤ ለፊውዳል ማልቀስ ደግሞ የባሰ ነው። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድሁ። ስደርስ ምን ልበልሽ፣ የከተማው መምህር ግማሹ ታሟል! ሁሉም ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ እንዳልተያየ ሆኖ ያለቅሳል።

ሳምንት ሳይሞላ ካድሬው ጓድ ንብረት ክስ ይዞብን መጣ። መምህር ባዬ፣ ሂሳብ የሚያስተምረው፣ የፊውዳል ቃሬዛ ተሸክሟልና ወደ ዓባይ በረሃ ይዛወር አለ። እዚያ ታች አምና የሄደውን መምህር ወባ በልቶታል፣ እናታለም። ወሬ ያቀበለው ሰው የነገረው የባዬን ስም ብቻ ነው፤ ወጣት ነው፣ እዚህ ዘመድ የለው፣ ለመያዝ ይመቻል። ቅጣቱ ግን የኮሚቴያችን ፊርማ ካላረፈበት አይጸናም። «ፈርሙና እንለያይ» አለን፣ ብዕሩን ከኪሱ እየመዘዘ።

ሊቀመንበራችን ጋሽ ገደፋው ብዕሩን ሳይቀበሉ የክሱን ወረቀት ደግመው ማንበብ ያዙ። እንዴት ይፈርሙ! ቃሬዛውን ከኋላ፣ ከባዬ ጎን የያዙት እሳቸው ነበሩ። ጋሽ ገደፋው ከፈሩ ያ ልጅ በረሃ መውረዱ ነው፤ በረሃ ከወረደ ደግሞ... እሱን እንኳ ተይው።

ሙሄዲን፣ እሱም የኮሚቴው አባል ነው፣ እጁን አወጣ። «ጓድ ንብረት፣ ክሱ ከባድ ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው» አለ።

«ምኑ ጎደለ?» ብሎ አፈጠጠበት።

«እኔ እስላም ነኝ፣ የክርስቲያኑን ሥርዓት ብስት ይቅር በሉኝ። ለመሆኑ በእናንተ ቃሬዛ ለብቻ ይነሳል?»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ገደፋው ይሄኔ ነፍስ ዘሩ። «እውነቱን ነው። አንዱን ቀጥቶ ሌላውን መተው አድልዎ ነው። የቀሩት ሦስቱም ተጣርተው አብረው ይቀጡ» አሉ። ራሳቸውን ጨምረው እኮ ነው! የአዛውንት ወኔ እንዲህ ነው።

ይህን ስሰማ እኔም ደፈርሁ። «እንግዲያው ከፊት በቀኝ በኩል ከያዙት አዛውንት እንጀምር» አልሁ፣ ቀና ሳልል እየጻፍሁ። «ቤታቸው ሩቅ አይደለም፤ አጣሪዎች ነገ ጠዋት ደርሰው ቃላቸውን ይቀበሏቸዋል። ስማቸውን ልመዝግበው ወይስ ጓድ ንብረት ያውቋቸዋል?»

ከፊት በቀኝ የያዙት አቶ ቢሰጥ ነበሩ። ጓድ ንብረት ጥር ላይ ያገባት የሲሳይነሽ አባት።

ሲጋራ ለኮሰ፤ ያንን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ረስቶ ሌላ ለኮሰ። ከዚያ «ነገሩን አናስፋው። ጓዱ ወጣት ነው፣ ምክር ይበቃዋል» አለ።

«ምክሩንስ ማን ይስጠው?» ቢሉ ጋሽ ገደፋው፣ ሙሄዲን፣ ያ ነገረኛ፣ «ጸሐፊያችን ትምከረው፤ ከእሷ ቢሰማ ይሻለዋል» ብሎ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጓድ ንብረት ሳይቀር እጁን አወጣ፣ ድምፅ የመስጠት መብት እንኳ ሳይኖረው!

ምክሩን ጀምሬዋለሁ። የማኅበር አደራ ነውና ቅዳሜ ቅዳሜ ላህ ወንዝ ዳር እየተንሸራሸርን እመክረዋለሁ። ሂሳብ አዋቂ ቢሆንም ምክር ቶሎ አይገባውም፤ ገና ብዙ ይቀረዋል። ሰው ያወራል፤ ያውራ፣ እኔ ቃለ ጉባኤ አለኝ።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ባዬ በአባቱ የአገው ምድር ሰው ነው፤ የእናቱ ወገን ግን ከቡሬ ዙሪያ ነው፣ የገብረሰንበት ቤት ይባላሉ። የእኛና የእነሱ ዘር እስከ ሰባት ትውልድ የሚገናኝ እንደሆነ አባባን ጠይቂልኝ። ትውልድ ሲቆጥሩ እሳቸውን የሚያህል የለም። ምን ሊያደርግላት ቢሉሽ፣ ለኮሚቴ ሥራ ነው በያቸው። መልሱን ራዲያ ሳትመለስ ስጫት።

ጋሽ ገደፋውና ሙሄዲን ደግሞ ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ወደ ቡሬ ብቅ ማለታቸው አይቀርም። ቤት ገብተው፣ ተቀመጡ ቢባሉ አንቀመጥም ብለው ቢቆሙ፣ አትደንግጪ።

እመ ብርሃን ጉልበትሽን ታበርታልኝ፣ ደጅሽን ከደግ እንግዳ አታጉድለው።

ናፋቂሽ፣
ልጅሽ