ለአባዬ ሆድ አሥራ ዘጠኝ ጥናት

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ዝናብ። ቢሮ ስደርስ ካልሲዬ ርሶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ለሕግ ክፍሉ ኃላፊ ደጋፊ ማስረጃ ስፈልግ ዋልኩ። ሥራዬ ይኸው ነው። «የሚደግፈንን አውጪልኝ» ይሉኛል፣ ከመዝገብ ክፍል ቆፍሬ አወጣለሁ። የማይደግፈን እዚያው መደርደሪያው ላይ አቧራውን ለብሶ ይቀራል። አሥራ አንድ ዓመት።

ቤት ስገባ አክስቴ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ብልቃጥ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ፕሮባዮቲክ። ጥሩ ባክቴሪያ በእንክብል ነው አለች። አባዬ የካንሰር መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ተቅማጥ አላስቀምጥ ብሎታል፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። የእሷ ጎረቤት በዚህ ነው አሉ የዳነችው።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ኢንተርኔቱ ላይ እዪልን። ይበጀዋል ካልሽ እንሰጠዋለን።»

አባዬን አየሁት። «እሺ» አለ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ፣ ከተሳፋሪ ጋር ሲጨቃጨቅ የኖረ ሰው... አሁን ለሁሉም ነገር እሺ። መስኮቱ ይዘጋ? እሺ። ይከፈት? እሺ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

በምሳ ሰዓት የጥናት መፈለጊያ ድረ ገጽ ከፈትኩ። «ፕሮባዮቲክ እና ጤና» ብዬ ጻፍኩ። ከአርባ ሺህ በላይ! ከየት ይጀመራል? የመጀመሪያው ስለ አይጥ። ሁለተኛው ስለ አይጥ። ሦስተኛው ስለ ጥጃ። አራተኛው ስለ ሰው ነው፣ ግን ተቆልፏል፤ የሚነበበው ማጠቃለያው ብቻ። እሱስ ምን ይላል? «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል።» እናንተ ታዲያ እስካሁን ምን ስትሠሩ ነበር?

ምሳ ሳልበላ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ራሴን አመመኝ። ባክቴሪያ ሁሉ አንድ አይደለም ለካ። የአንዱ ዓይነት ጥናት ለሌላው አይሠራም። ብልቃጡ ላይ ደግሞ የሦስት ዓይነት ስም አለ፣ ሦስቱም ምላስ የሚሰብሩ። አንዱ ጥናት «ረድቷል»፣ ቀጥሎ ያለው «ልዩነት አልታየም»። እርስ በርሳቸው ተነጋግረው አያውቁም?

አክስቴ ወጥ ቤት «አገኘሽ?»፣ ኮሪደር ላይ «አገኘሽ?»። መታጠቢያ ቤት ገብቼ እንኳ በሩ ላይ ቆማ «አገኘሽ?»። አልቻልኩም። ጮኽኩባት። በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት።

አባዬ ዛሬ ስድስት ጊዜ ወደ ሽንት ቤት ተነሳ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ዘዴው ተገኘ! ፍለጋው ላይ «ጥቅም» የምትል ቃል ጨመርኩ። አለቀ። ጭቅጭቁ ሁሉ ጠፋና የሚረዳው ብቻ ተሰልፎ መጣ። እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም? ቢሮ በየቀኑ የምሠራው አይደል!

እሑድ፣ የካቲት 16

አሥራ ዘጠኝ ጥናት። አተምኩ፣ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩ፣ እንደ መዝገብ አሰርኩት። አልጋው አጠገብ ወንበር ስቤ አነበብኩላቸው። አክስቴ ጥራዙን እንደ ሕፃን አቀፈችው። አባዬ ወደ ግድግዳው አየ... «እሺ» አለ።

መዋጥ አቃተው። አክስቴ እንክብሉን እዚያው አልጋው ላይ ከፍታ ዱቄቱን ማንኪያ ላይ ገለበጠችው። ብርድ ልብሱ ላይ የተረፈውን በእጇ ጠረገች። በዚያው እጇ ደግሞ ደረቱ ላይ ያለውን ቱቦ፣ መድኃኒቱ የሚገባበትን፣ እንዳይጎተት አስተካከለችለት።

እፎይ ብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ሲውጥ ፊቱን ያጨማድዳል። ይመረው ይሆን?

ዓርብ፣ የካቲት 21



ያንን የተቆለፈ ጥናት ላገኝ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ሠራተኛው ሽማግሌ ናቸው፤ በየደቂቃው «ጸጥታ!» ስለሚሉ ሁሉም ሰው አቶ ጸጥታ ይላቸዋል። ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ልማዴ «የፕሮባዮቲክ ጥቅም» ብዬ ስጽፍ ከኋላዬ ቆመው አዩኝ።

«ልጄ፣ መልሱን ጥያቄው ውስጥ ከትተሽ ነው እንዴ የምትጠይቂው?»

«ማለት?»

«ጥቅም ብለሽ ከጠየቅሽ ጥቅም ይመጣልሻል። ለማን ነው?»

ነገርኳቸው። ካንሰር፣ ቱቦ፣ ሁሉንም። «ጥቅም» የሚለውን አጠፉና «ጉዳት» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩ «የሰውነት መከላከያው የደከመ ሕመምተኛ»። መጣ። ባክቴሪያው ወደ ደም ይገባል... ደም ሥር ውስጥ ቱቦ ያለው ሰው አጠገብ እንክብል አይከፈትም... አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው ይላል። አልፎ አልፎ! ለማን?

ደወልኩ። አክስቴ፦ «ከትናንት ጀምሮ ትኩስ ትኩስ ይለዋል። ብርድ ነው ብዬ እኮ ነው ያልነገርኩሽ።»

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ሆስፒታል። ሐኪሟ «ከታዘዘለት ሌላ የሚወስደው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ ምንም!» አለች አክስቴ። አልዋሸችም። እንክብሉን እንደ መድኃኒት ቆጥራው አታውቅም።

ብልቃጡን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጥራዙንም። ጥራዙን ለምን ይዤው እንደሄድኩ እግዜር ይወቅ። ሐኪሟ አልገለጠችውም።

«ማን ፈቀደለት?»

«እኔ።»

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ደሙ ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ ብልቃጡ ላይ ከተጻፉት ሦስቱ አንዱ ነው። ዱቄቱ ከእጅ ወደ ቱቦው ተሻግሮ ይሆናል አለች ሐኪሟ። ቱቦው ወጣ። ሌላ መድኃኒት ተጀመረለት። ትኩሳቱ ዛሬ በረድ አለ። አክስቴ እጇን ደጋግማ ትታጠባለች፤ ተይ ብላት አትሰማም። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት። አላመነችኝም።

ራሴን ጠላሁት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

አባዬ ቤት ገባ። ቀሎ ቀሎ... ደረጃውን ደግፌ ሳወጣው የያዝኩት ኮቱን ብቻ መሰለኝ።

ካረፈ በኋላ ጠየቅኩት። «አባዬ፣ እንክብሉ እንዴት ያደርግህ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን ሆዴን ነፋኝ። አልወደድኩትም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ምሳሽን እየተውሽ ስትለፊ ከረምሽ። ያንን ሁሉ ወረቀት አስረሽ አመጣሽልኝ። እንዴት ብዬ እንቢ ልበልሽ?»

አርባ ሺህ ጥናት ስጠይቅ ከርሜ እሱን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም። እሺታውም ለእኔ ነበር እንጂ ለእንክብሉ አልነበረም።

«ከአሁን በኋላ ያላማረህን አላማረኝም በለኝ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እንዳመነኝ አላውቅም።

አመሻሽ ላይ አክስቴ ሾርባ ይዛ ገባች። እንደ ልማዷ ማንኪያውን ወደ አፉ ስታስጠጋ ያዝ አደረግኳት።

«አባዬ፣ ትፈልጋለህ?»

ሾርባውን አየ። እኔን አየ።

«አልፈልግም» አለ።

አክስቴ ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች። እኔ ግን እንባዬ መጣ። ሳህኑን ተቀብያት ወጥ ቤት ገባሁና ቆሜ ጠጣሁት።