ስለ መሮጫው ማሽን ነገር

ለምወድህና ለምሳሳልህ የበኩር ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህስ፣ ትንሿ ልጅህስ እንዴት ናቸው? ብርዱ ጠንክሯል ማለትህን ሰምቼ ደረትህን አሰብኩት፤ ገና በልጅነትህ ጉንፋን ሲይዝህ ቶሎ አይለቅህም ነበር። እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ተነሥቼ እቀመጣለሁ፣ የሰጡኝን በልቼ አድራለሁ፤ መርፌውም በመነጽር እየተረዳሁ ክሩን ይቀበለኛል። እህትህ ደህና ናት። ቤቱም እናትህ እንደተወችው ነው፤ የጎደለችው እሷ ብቻ ናት።

ለስፖርት ማሽን መግዣ ብለህ የላክኸው ገንዘብ ደርሷል። ነገሩን በስልክ ልነግርህ ጀምሬ ተውኩት። ስልክ ላይ አንተ ትቸኩላለህ፤ እኔ ደግሞ ድምፅህን ስሰማ ሆዴ ይባባና ልናገር ያሰብኩት ይጠፋብኛል። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም።

ሐኪሙ ያለኝን ከእህትህ ሰምተሃል። ጉልበቴ የሚያብጠው፣ ደረጃ ስወጣ የሚያፍነኝ፣ የደም ግፊቴም አልወርድ ያለው ከክብደቴ የተነሣ ነው። እኔ ከሐኪሙ በፊት አውቄዋለሁ። ልብስ ሰፊ መወፈሩን ሚዛን አይነግረውም፤ ሱሪዬን በጎን በጎኑ ስፈታ ስፈታ ለማስፊያ ከውስጥ የተተወው ጨርቅ አለቀ። እህትህም፣ "አባዬ፣ ሱሪህን ስታሰፋ ከምትኖር ሆድህን ብታጠብብ አይሻልም?" አለችኝ። ሥራ አብሮኝ የሚሠራው ጥሩምባ የባሰ ነው። ድምፁን የሰማ ሁሉ ነው ይህን ስም ያወጣለት። "ልጅህ ያኔ ለስፌት መኪናህ ሞተር ልኮ መርገጫውን አስጣለህ፤ አሁን ደግሞ የሚረገጥ ብስክሌት ግዛ ብሎ ብር ላከልህ። ምን በደልከው?" ብሎ ቤቱን በሳቅ አናጋው።

አንተ መሮጫው ቶሎ ያከሳል፣ ጉልበት ግን ይመታል አልከኝ። ብስክሌቱ ለጉልበት ይራራል፣ ነገር ግን ታግሦ ብዙ መርገጥ ይጠይቃል፤ እንደ ጀልባ መቅዘፊያ እየሳቡ የሚሠሩበት ማሽን መላ ሰውነትን ያሠራል፣ ወገቡን ለሚያመው ሰው ግን አይሆንም አልከኝ። ልክ ነህ፤ የማሽን ሻጩም ይህንኑ ደገመልኝ። ነገር ግን ሐኪሙ ማሽን የሚባል ነገር አልተነፈሰም። ሐኪሙ ያለው፣ "በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ፤ ከቤትዎ እስከ ገበያው ደርሰው ቢመለሱ ይበቃዎታል" ነው። ማሽን ያልኩት እኔ ነኝ። ጭቃው አስቸገረኝ ብዬ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ቢገኝ ብዬ በእህትህ በኩል ያስነገርኩህ እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

እናትህ ስትሞት ለቀብር አልደረስክም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ማንም አልፈረደብህም። ከዚያ ደወልክና፣ "አባዬ፣ በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ፤ ለሰው ሁሉ ንገርልኝ" አልከኝ። ነገርኩልህ። ሊያጽናናኝ የመጣው ሁሉ ስለ አንተ ሲጠይቀኝ፣ በሚቀጥለው ወር ይመጣል አልኩ። ወሩ ሲደርስ ከሥራ ፈቃድ ከለከሉኝ አልክ፤ እኔም ሲፈቅዱለት ይመጣል አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ ወረቀቴ አላለቀም አልክ። ጠዋት ያንተን ቃል ይዤ እወጣለሁ፤ ማታ የኔ ውሸት ሆኖ አብሮኝ ይገባል።

መንገዳችንን ታውቀዋለህ። ከበራችን እስከ ስፌት ሱቃችን ድረስ ባለ አትክልቷ፣ ጫማ ጠጋኙ፣ ዳቦ ሻጮቹ፣ ሁሉም እናትህን ያውቃሉ። "መጣ?" ይሉኛል። "መቼ ነው ታዲያ?" ይሉኛል። ክፋት የለባቸውም። እኔ ግን በጓሮ በኩል መዞር ጀመርኩ። ቆይቶም ጥሩምባን፣ ጨርቁን እየቆረጥክ አምጣልኝ፣ ከቤት ሆኜ ልስፋ አልኩትና የስፌት መኪናዬን አምጥቼ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳት። ቤተ ክርስቲያንም ሰው ሳይበዛ ደርሼ እመለሳለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው የወፈርኩት። እናትህ ከሄደች ወዲህ እህል የሚጣፍጠኝ እንዳይመስልህ።

ፈቃድ ከለከሉኝ ባልክበት ወር ሚስትህ ለእህትህ ፎቶ ልካላት ነበር። ሦስታችሁም ውሃ ዳር ቆማችሁ ትስቃላችሁ። ያኔ አልጠየቅኩህም፤ አሁንም ማብራሪያ አልፈልግም። ብቻ አይቼዋለሁ። ያላየ መስዬ መኖር ሰለቸኝ።

ባለፈው ሳምንት ከእህትህ ጋር በታክሲ ሄደን ማሽኖቹን አየን። ሻጩ አፈ ቅቤ ነው፣ ሆደ ጩቤ ግን አልመሰለኝም። መጀመሪያ ብስክሌቱ ላይ አስቀመጠኝ። ወንበሩ ስለ ጠበበኝ፣ "ይህን የሠራው ሰው የለካው ቀጭን ደንበኛ ነው" አልኩትና ሳቀ። ከዚያ መሮጫው ላይ አወጣኝ። እጀታውን ጨብጬ ስቆም ላስቲኩ ከእግሬ ሥር መሸሽ ጀመረ፤ እኔም ተከትዬው ሄድኩ። ብሄድ ብሄድ ከፊቴ ያለው ያው ነጭ ግድግዳ ነው። ሻጩ አጠገቤ ቆሞ፣ "አዩ አባባ፣ ዝናብ የለ፣ ጭቃ የለ፣ መንገድ ላይ የሚያስቆምዎት ሰው የለ" አለኝ። እህትህ ቀና ብላ አየችኝ። አጥፋልኝ አልኩት። "ጉልበትዎን አመመዎት?" ሲለኝ አይደለም አልኩት።

ልጄ፣ ሰውየው ሊሸጥልኝ ያሰበው በትክክል እኔ የፈለግሁትን ነው፤ ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። የቀረኝን ዕድሜ እናትህን ከሚያውቋት ሰዎች ተደብቄ፣ ግድግዳ እያየሁ ልሄድ ነበር። በጸሎት ላይ ሆኜ ራሴን ስመረምር እጠይቃለሁ። የሸፈንኩት አንተን ነው? ወይስ ልጁ ያልመጣለት አባት እንዳልባል ራሴን ነው? እስካሁን አልለየልኝም። ሁለቱም ሳይኖሩበት አይቀሩም።

ከሱቁ ስንወጣ በእግሬ እገባለሁ አልኳት። እህትህ ተቆጣች፤ ቢሆንም ክንዴን ይዛ አብራኝ ሄደች። ባለ አትክልቷ ከሩቅ አይታን፣ "ውይ አባታችን፣ ምነው እንዲህ ጠፉ? ልጅዎስ መቼ ይመጣል?" አለችኝ። የሚመጣ አይመስለኝም አልኳት። ሽንኩርት የያዘው እጇ ባለበት ቀረ። "ታዲያ ለዚህ ኖሯል የጠፉት?" አለች። አዎ አልኳት። ከበርጩማዋ ተነሥታ፣ "ይቀመጡ፣ እግርዎ አብጧል" አለችኝ። ተቀመጥኩ። እህትህ ፊቷን አዙራ ታለቅስ ነበር። እኔ ቀለለኝ ብዬ አልዋሽህም። አፌ እሬት እሬት ይለኝ ነበር። በገዛ ልጅ ላይ እንዲህ ብሎ መናገር አፈር ከማልበስ አይተናነስም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እወጣለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ያንኑ እመልሳለሁ። የስፌት መኪናዬንም ጥሩምባ አሸክሞ ወደ ሱቃችን መልሶልኛል። ማሽን አልገዛም፤ ገንዘብህን እህትህ መልሳ ትልክልሃለች። መሳፈሪያ አድርገው አልልህም፤ ተለምኖ የሚመጣ ልጅ አልፈልግም። በሰው ፊት ስሜን አጠፋህ ብትለኝም አልከራከርህም። ብቻ በስልክ አታስተባብል፤ የስልኩን ጠግቤዋለሁ። በዚያ መንገድ በእግርህ ና፤ ባለ አትክልቷም ጫማ ጠጋኙም ባሉበት አባትህን ውሸታም አድርገው። እንዲህ ላለው ውርደት እግዚአብሔርን ተንበርክኬ አመሰግነዋለሁ።

ሚስትህን እንደ ልጄ አድርጌ ሰላም እላታለሁ። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ አያትሽ ድምፅሽን እንጂ ቁመትሽን አያውቅም በላት። እህትህ ሰላም ብላሃለች፤ እሷንም አትቀየማት፣ ይህን ሁሉ እንዳትነግርህ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። ጥሩምባም ሰላም በልልኝ ብሎሃል፤ ሲለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። እኔ ተቀይሜሃለሁ፤ ስምህን ግን ከጸሎቴ አላወጣሁትም፤ እንደ ድሮው ከእናትህ ስም ቀጥሎ ነው የምጠራው።

አባትህ

ከቤታችን፣ ኅዳር 12 ቀን ተጻፈ