ባለቤቴን «ከፍተኛ ተጠቃሚ» ላሏት ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር የወረዳችን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎና በሥርዎ ላሉት ሠራተኞች ሁሉ የማይቋረጥ ጤና እመኛለሁ። «የማይቋረጥ» የምትለዋን ቃል አስቤበት ነው የመረጥኳት። በእኛ መንደር ሳይቋረጥ የሚመጣ ነገር ቢኖር የመሥሪያ ቤትዎ የክፍያ ማስጠንቀቂያ ብቻ ስለሆነ፣ ጤናው እንኳ እርስዎ ዘንድ ሳይቋረጥ ይድረስ ብዬ ነው።

እኔ ከግድቡ በታች ባለው መንደር የምኖር፣ በኃይል ማመንጫው ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ በተርባይን ፈረቃ ኃላፊነት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እርስዎ ወንበርዎ ላይ ከተቀመጡ ገና ሁለት ዓመትዎ ስለሆነ አያውቁኝም፤ ሆኖም በአገሩ ሁሉ የሚበራው መብራት ለረጅም ዘመን በእጄ አልፏልና ጨርሶ ባዳ አይደለንም። ባለቤቴም በዚያው ማመንጫ የሠራተኞች ምግብ ቤት አብሳይ ሆና አሥራ ስምንት ዓመት አገልግላለች። የሚቀጥለውን ለማመን ይቸገሩ ይሆናል፤ ለአንድ ትልቅ ከተማ የሚበቃ ኃይል በሚመረትበት ግቢ ውስጥ የምግብ ቤቱ ምድጃ የሚነደው በእንጨት ነበር። የኤሌክትሪክ ምድጃ እንዲገዛ በየዓመቱ ይጠየቃል፣ በየዓመቱም «በሚቀጥለው በጀት» ይባላል። እሷ ግን የሚቀጥለውን በጀት ሳትጠብቅ በየቀኑ ለመቶ ሃያ ሰው አበሰለች፤ ጭሱንም ሳንባዋ ተቀበለው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሁለቱ ሴት ልጆቻችን ተዋጥተው ከገዙላት፣ ከክፍሉ አየር ኦክስጅን ለይቶ ከሚሰጣት መሣሪያ ጋር በቀጭን ቱቦ ተያይዛ ትኖራለች። መሣሪያው ትንሽ ሻንጣ ያህላል፤ የሚሠራውም በእርስዎ መብራት ነው።

ይህን ካስታወቅሁ ዘንድ ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. ስለ «ርቀት ማካካሻ» አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት በወጣው አዲስ ታሪፍ የገጠር መኖሪያ ቤቶች ከከተማው ነዋሪ ሲሶ የሚበልጥ ዋጋ እንዲከፍሉ መወሰኑንና ምክንያቱም ርቀታችን መሆኑን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ አነበብኩ። ከቤቴ ደጃፍ እስከ ተርባይኑ በእግር ሃምሳ ደቂቃ ነው፤ ጉልበቴ ሳይደክም አርባ ነበር። ስለዚህ የራቅነው ከምን እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቼ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። በመስኮት ቁጥር ሦስት የተቀመጠችው ሠራተኛ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ኃይሉ ከግድቡ ወጥቶ በጣራችን ላይ አልፎ ከተማ ይገባል፤ እዚያ ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ከወረደ በኋላ ባዘመሙ የእንጨት ምሰሶዎች ተንጠልጥሎ ወደ እኛ ይመለሳል፤ እኛም የምንከፍለው ለመመለሻው ነው። እዚሁ አጠገባችን አነስ ያለ ማከፋፈያ ይተከል የሚለው ሐሳብ በእኔ የሥራ ዘመን ሦስት ጊዜ ተጠንቶ ሦስት ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል። ማሳውን ለግድቡ ውኃ የለቀቀው የእኛ መንደር ነው፤ በክረምት በሩ ሲከፈት ጎርፉን የሚፈራው የእኛ መንደር ነው፤ ከመብራት ሩቅ የተባለውም ይኸው የእኛ መንደር ነው። የከተማው ሰው ለቅርበቱ ምን እንዳደረገ ባውቅ እኛም ያንኑ ለማድረግ በሞከርን ነበር።

2ኛ. ባለቤቴን ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ። አዲሱ ታሪፍ መኖሪያ ቤቶችን በአራት መደብ ይከፍላል። ከተወሰነ ልክ በላይ የሚጠቀመው ቤት አራተኛው መደብ ውስጥ ገብቶ «ከፍተኛ ተጠቃሚ» ይባላል፤ ዋጋውም የሦስተኛው መደብ እጥፍ ነው። ማስታወቂያው እንደሚለው ይህ የተደረገው «የምቾት መሣሪያዎችን የሚጠቀሙ ደንበኞች ኃላፊነት እንዲሰማቸው» ነው። ክቡር ሆይ፣ የእኛ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ሦስት አምፖልና አንድ ሬዲዮ አለን። ማቀዝቀዣ የለንም፤ ጭስ ስለተከለከለችም የምናበስለው በትንሽ የጋዝ ምድጃ ነው። ቆጣሪውን የሚያዞረው ያ ሻንጣ የሚያህለው መሣሪያ ብቻ ነው። ቀንም ሌትም አይጠፋም፤ ሰው ቀንም ሌትም ስለሚተነፍስ። በዚህም ምክንያት ባለቤቴ አየር በመሳቧ ብቻ በከተማው ባለ ፎቅ ቤት ከሠሩት ነጋዴዎች ጎን ተሰለፈች። አራተኛው መደብ መግባታችንን የሚያስታውቀውን ደብዳቤዎን ሳነብላት ሳቀች፤ ሳቅ ለእሷ ትንፋሽ የሚጨርስ ውድ ነገር ነው። ከዚያም አረፍ ብላ «ሀብታም እንዳገባህ እስከ ዛሬ አላወቅህም ነበር?» አለችኝ።

የሐኪም ማስረጃ ይዤ አራት ጊዜ ደጅዎን ጠናሁ። በመጀመሪያው ቀን ማስረጃው ማኅተሙ ደብዝዟል ተባልኩ፤ በሁለተኛው ቀን ማኅተሙ ደመቀ፣ ግን የሚመለከተው ክፍል ተዘዋውሯል ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን የመስኮት ቁጥር ሦስቷ ሠራተኛ ወረቀቴን አገላብጣ አየችና፣ ከልቧ ያዘነች መሆኗ ፊቷ ላይ እየታየ፣ «አባባ፣ ኮምፒውተሩ እኮ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ምን ያህል እንደበላ ብቻ ነው የሚያውቀው» አለችኝ። በመሥሪያ ቤትዎ ከሰማሁት ሁሉ እውነተኛው ንግግር ይህ ስለሆነ፣ ልጅቱ ብትመሰገን እንጂ እንዳትቀጣብኝ እማጸናለሁ። በአራተኛው ቀን እርስዎ ለደንበኛ አያያዝ ሥልጠና ሄደው ስለነበር ባዶው የስብሰባ አዳራሽ ደጃፍ ተቀምጬ ጠበቅሁዎ። ሁለት ማራገቢያ ለባዶ ወንበር ይሽከረከራል፤ በጠራራ ፀሐይ ስድስት መብራት ይበራል። የብዙ ዓመት ልማድ ነውና እጄ ሳላስበው ማጥፊያውን ተጫነ። የጥበቃ ሠራተኛዎ ብድግ ብሎ «አባባ፣ የመንግሥት ንብረት አይንኩ» ሲል ገሠጸኝ፤ መልሶም አበራው። ንብረት ጠባቂ እንዳለዎት ስላየሁ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

3ኛ. ስለ ፈጣን አገልግሎትዎ አመሰግናለሁ። በቀድሞው መደብ የሚገባኝን በየወሩ እየከፈልኩ፣ የተጨመረው እንዲታይልኝ ደግሞ በጽሑፍ አመልክቼ ስጠብቅ ሦስት ወር አለፈ። ለማመልከቻዬ መልስ አልመጣም፤ የማቋረጫ ትእዛዙ ግን ሦስተኛው ወር ካለፈ ሳምንት ሳይሞላው መጣ። ምሰሶ ሲወድቅ አሥራ አንድ ቀን የሚፈጅበት መሥሪያ ቤት እንዲህ ሊፈጥን እንደሚችል ማየቴ አስደስቶኛል።

ትእዛዙን ይዞ የመጣው፣ ምሰሶ ላይ ሲወጣ አይቶ መንደሩ ጉሬዛ ብሎ የሰየመው የመስመር ሠራተኛዎ ነው። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ በሥራውም አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሙያውን ሲለምድ ማመንጫው ግቢ ውስጥ የባለቤቴን እጅ የበላ ሰው ነው። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ መሰላሉን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ እንደ ወጉ ሰላም ሊል ወደ ቤት ገባ። ባለቤቴን ቱቦው አፍንጫዋ ላይ ሆኖ አያት፤ መሣሪያውን አየ፤ ገመዱ የተሰካበትንም ግድግዳ አየ። መታመሟን ሰምቶ ነበር፤ በምን እንደምትተነፍስ ግን አያውቅም ነበር።

እሷ ነች ቀድማ የተናገረችው። «ልጄ፣ ሥራህን ሥራ፤ በእኔ ሰበብ እንጀራህ እንዲቋረጥ አልፈልግም» አለችው። እሱም ባርኔጣውን አውልቆ «እትዬ፣ ይሄን ሽቦ ቆርጬ ቤቴ ብገባ፣ በየትኛው አፌ ከልጆቼ ጋር እበላለሁ?» አላት። ከዚያም ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ «በቤቱ ውስጥ በማሽን የሚተነፍስ ሰው ስላለ አላቋረጥኩም» ብሎ ጻፈና ስሙን ጽፎ ፈረመበት። ክቡር ሆይ፣ በአራት ጉብኝት ከመሥሪያ ቤትዎ ያጣሁትን መልስ ያገኘሁት ከዚህ ሰው ነው። እርስዎም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ አገዱት።

ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሌሎች ሁለት ሠራተኞች በመኪና መጡ። ወደ ግቢ አልገቡም፤ ሰላምታ ሰው ያሳያል። ከመንገዱ ምሰሶ ላይ ቆርጠው ሄዱ። መሣሪያው ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። በመጠባበቂያ የኦክስጅን ሲሊንደሯ ውስጥ የቀረው ከሦስት ሰዓት በታች የሚበቃ ነበር። የሲሊንደሩን መክፈቻ ሳጠብቅና ሳላላ፣ እሷ ዐይኗን ዐይኔ ላይ ተክላ «ቀስ በል፣ አለሁ» ትለኝ ነበር። እኔ ያንን ሁሉ ዓመት ተርባይን ያስነሣሁና ያቆምኩ ሰው፣ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አቃተችኝ።

ጎረቤታችን ባለ ወፍጮው የሰውን እህል አቁሞ፣ ጄኔሬተሩን አስነሥቶ፣ በሁለት ግቢ አሻግሮ ገመድ ሳበልን። ቤንዚኑ እስኪያልቅ ድረስ ሠራልን፤ ግን የጄኔሬተሩ ኃይል ከፍ ዝቅ ስለሚል መሣሪያው ይነሣል፣ ይጠፋል። በዘጠኝ ሰዓት ከንፈሯ ሲጠቁር በባለ ወፍጮው የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ አስቀምጠን፣ የቀረውን ሲሊንደር እኔ ጉልበቴ ላይ ይዤ ከተማ ሆስፒታል ወሰድናት። መንገዱን ሁሉ ትልቁ የኃይል መስመር ከላያችን እያፏጨ አብሮን ሄደ። መሪውን የያዘው ባለ ወፍጮ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አየውና «ይኸ ሁሉ የት ነው የሚሄደው?» አለ።

ተረፈች። ይህን የምጽፈው እርስዎ እንዳይጨነቁ ነው። ልጆቻችን ተበድረው የተጨመረውን ሁሉ ከነመቀጫው ከፈሉ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀንም መስመሩ ተቀጠለልን። ሐኪሙ ግን መብራቱ የማይታመንበት ቤት እንዳትመለስ ከለከላት። አሁን ከተማ እህቷ ጋር ትኖራለች። እዚያ መብራት አይጠፋም። የከተማው መደብ ልኩ ሰፋ ያለ ስለሆነም፣ ያው መሣሪያ ቀን ከሌት እየሠራ እህቷን ማንም «ከፍተኛ ተጠቃሚ» አላላትም። ባለቤቴ በገዛ ቤቷ ያጣችውን፣ ከገዛ ግድባችን የወጣውን ኃይል፣ ተከትላው ሄዳ አገኘችው። እኔ እሁድ እሁድ በአውቶቡስ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ተጉዤ አያታለሁ። ከተጋባን አርባ አንድ ዓመታችን ነው፤ አሁን እንደ እንግዳ ጫማዬን አውልቄ ሳሎን እቀመጣለሁ። ያለፈው እሁድ ስነሣ እጄን ይዛ «መቼ ነው የምትወስደኝ?» አለችኝ። እኔም እንደ መሥሪያ ቤትዎ «በቅርቡ» ብዬ መለስኩላት፤ ከእርስዎ የተማርኩት አንድ ነገር ይኸው ነው።

4ኛ. እዚህ ላይ ትሕትናዬ ለአፍታ ዞር ትበል። ስለ ታሪፉ ሕግ አውጪውን ይጠቁሙኝ ይሆናል፤ ስለ ማከፋፈያው በጀቱን ይጠቁሙኝ ይሆናል። የጉሬዛን የእገዳ ደብዳቤ ግን የፈረመው የእርስዎ እጅ ነው፤ ከበላይ አልመጣም፤ ኮምፒውተርም አልጻፈውም። አንድ ሠራተኛ በወረቀት ላይ እውነቱን ጽፎ ስለፈረመ ሁለት ልጆቹ ከደመወዝ ውጭ ሆነዋል። እሱ ባለቤቴን ለመግደል እንቢ አለ፤ እርስዎ እንቢታውን «የሥራ ትእዛዝ አለመፈጸም» አሉት። ወደ ሥራው ይመልሱት። የታገደበትንም ጊዜ ደመወዝ ይክፈሉት። በመጪው ማክሰኞ የዲሲፕሊን ጉዳዩ ሲታይ የሐኪሙን ማስረጃ ይዤ፣ ባለ ወፍጮውንና የመንደሩን ሰው አስከትዬ አዳራሽዎ ውስጥ እገኛለሁ። ባለቤቴን ይቅርታ እንዲጠይቁ አላስቸግርዎትም፤ እሷ ፊት ቀርበው ይህን ለማለት ድፍረቱ እንደሌለዎት አውቃለሁ።

አሁን ትሕትናዬን መልሻለሁ።

ይህን ረጅም ደብዳቤ እስከዚህ ካነበቡ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ መቼም እስትንፋስዎ በቆጣሪ እንዳይለካ፣ ማኅተምዎ እንዳይደበዝዝ፣ ቤትዎም ከምንም ነገር እንዳይርቅ በመመኘት፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

በአራተኛው መደብ የተመዘገቡት እመቤት ባል፣
ጡረተኛው የተርባይን ፈረቃ ኃላፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ የሚያምር ወረቀት ደረሰኝ። የቤቴን ፍጆታ በአንድ ጊዜ ከአሥር እጅ ዘጠኙን በመቀነሴ «የዓመቱ አርአያ ቆጣቢ ደንበኛ» ተብያለሁ፤ በሽልማቱ ቀንም ልምዴን ለሌሎች እንዳካፍል ተጋብዣለሁ። በደስታ እመጣለሁ። ንግግሬ አያደክምዎትም፤ ሚስቴን ከቤት አወጣኋት ብዬ እቀመጣለሁ።