ለወንድሜ ጥማት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመንከባከቢያ ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
ድሬዳዋ

ክቡርነትዎ፣ በዚህ በድሬ ሙቀት ጤናዎ እንደተጠበቀ፣ ቢሮዎም እንደቀዘቀዘ ተስፋ በማድረግ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። መጋላ ውስጥ ጨርቅ የምሸጠው ሻሚስ ነኝ፤ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት የዓዋሌ ታላቅ እህት። እናታችን ካረፈች ወዲህ ሱቁንና እሱን አንድ ላይ መያዝ ቢያቅተኝ ለእርስዎ አደራ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አንደኛ፣ ዓዋሌ እጅና እግሩ ባይታዘዙለትም፣ አንደበቱ ባይፈታለትም ሁሉን እንደሚሰማ፣ “አዎ” ለማለትም ዓይኑን ወደ ላይ እንደሚያነሣ ስነግርዎ በትዕግሥት ስላዳመጡኝ አመሰግናለሁ። ከሠራተኞችዎ ለአንዱም ሳይነግሩ በመቅረትዎ ምስጢር ጠባቂነትዎን አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ አንሶላ እንዳይረጥብ ብለው ከቀትር በኋላ ውኃ እንዳይሰጠው ማዘዝዎ ለንጽሕና ያለዎትን ፍቅር ያሳያል። ልጠይቀው መጥቼ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሳገኘው፣ ተንከባካቢዋ “ሙቀቱ ነው እህቴ፤ እሱ እንኳ ጸጥ ያለ ነው፣ ምንም አያስቸግረንም” አለችኝ። ዓዋሌ እኔን ትቶ መስኮቱ ላይ ያለውን የውኃ ጆግ ያይ ነበር። ማየቱን አይቻለሁ። ነገር ግን ሱቄ ይጠብቀኝ ነበርና “አያስቸግርም” የሚለውን ቃል እንደ ስጦታ ተቀብዬ ወጣሁ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ደጋግሜ ብጀምረውም የራሴ ስም እየገባበት ተበላሸብኝ።

ብዙም ሳይቆይ ዓዋሌ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ሲነቃ ሐኪሟ ጎንበስ ብላ “ጠምቶህ ነበር?” አለችው። ዓይኑን አነሣና እዚያው አቆየው። ይህን ጥያቄ እኔ እህቱ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቀው ከባዕድ ሰማሁት።

አሁን አብሮኝ ነው። ሱቁን ከሰዓት እዘጋለሁ፤ ቀና አድርጌ ደግፌ በማንኪያ አጠጣዋለሁ። አንሶላው ይረጥባል፣ አጥበዋለሁ። ክቡርነትዎ ሳያውቁት ቀርተው ነው እንጂ በድሬ ፀሐይ አንሶላ ወዲያው ይደርቃል።

አላህ አንሶላዎችዎን ከርጥበት ሁሉ እንዲጠብቅልዎ በመለመን፣
ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ሻሚስ መሃድ፣ ከመጋላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለዓዋሌ አነበብኩለት። “ጥፋቱ የሥራ አስኪያጁ ነው?” ስለው ዓይኑን አነሣ። “የእኔስ?” አልኩት። አሁንም አነሣ። ድርሻዬን ወስጃለሁ፤ የቀረው የእርስዎ ነው፣ ይረከቡኝ።