መብራት የገባበት ዋሻ

ሰኞ
ምዜ ብለን በአክብሮት የምንጠራቸው ሽማግሌ ንጆሮጌ ዛሬ እጄን ይዘው ከዋሻው አወጡኝ። ተቆጥተው አይደለም፣ በቀስታ ነው። ከናይሮቢ ዳር ጫካው ውስጥ ያለውን ይህን ዋሻ ከአባቶቻቸው ተረክበው የሚጠብቁት ሽማግሌዎች መሪ እሳቸው ናቸው። ዝናብ ሲጠፋ፣ ሐዘን ሲደርስ እዚያ ይጸልያሉ። የእኔ ቢሮ ደግሞ ለጎብኚ ሊከፍተው ነው። ቅርሱ እንዳይጎዳ ተከታተይ ተብዬ የተመደብኩት እኔ ነኝ።

የፊተኛው ክፍል ይከፈት፣ ደረጃም ይሠራ አሉ። ውስጠኛው ግን መብራት አይገባበትም፣ ብረት አይነካውም። «እዚያ የአባቶቻችን ትንፋሽ አለ» አሉኝ።

ማክሰኞ
ዌስትላንድስ ቢሮ እስክደርስ ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። አለቃዬ ዋንጂኩ ክፉ ሰው አይደለችም። ጎብኚ ካልመጣ ጫካውን ፎቅ ሠሪዎች ይወስዱታል ትላለች። ልክ ናት። «ውስጠኛው ከተዘጋ ምን ሊያዩ ይመጣሉ?» አለችኝ።

ስለ አገሬ ነገርኳት። ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ማንም ገብቶ ያያል። መጋረጃው ጋ ሲደርስ ግን ይቆማል። ታዲያ ምን ልናይ መጣን ያለ ሰው አላጋጠመኝም።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። በኋላ «እሺ፣ ውስጠኛው ክፍል ደጃፍ ላይ ገመድ ይዘርጋ፣ መብራቱ ፊተኛው ክፍል ላይ ይቁም» አለች።

ገመድ። ከምንም ይሻላል። ማታ ባሌ ዳዊት ፊትሽ በርቷል አለኝ።

ረቡዕ
ለምዜ ደውዬ ነገርኳቸው። ከዚያ «ቃልሽ ነው?» አሉኝ። ቃሌ ነው አልኩ። ምን አስቸኮለኝ?

ዓርብ
ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

መብራት ዘርጊዎቹ ገመዱን አልፈው ገብተዋል። የውስጠኛው ክፍል ግድግዳ ተበስቶ አምፖል ተሰቅሎበታል። ሠራተኞቹ ፕላኑ ላይ ያለውን ነው የሠራነው አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ፕላኑ አልተቀየረም። ዋንጂኩ ረስታው ይሁን ትታው አላውቅም። ስጠይቃት አቀረቀረች። አምፖሉ ይነቀል አልኳት። «ቀዳዳውስ?» አለች።

ቀዳዳ አይነቀልም።

ቅዳሜ
ሽማግሌዎቹ መጡ። ምዜ ከደጅ ሆነው ብርሃኑን አዩ። አብረዋቸው የመጡት ማማ ዋምቡይ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ልጃቸው የሞተ ጊዜ ያጽናናቸው ያ ክፍል ነበር።

ምዜ ወተት ደጃፉ ላይ አፈሰሱ። ወደ ውስጥ አልገቡም። ስንብት መሆኑ የገባኝ ዞር ብለው ሳያዩ ሲሄዱ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ተከተልኳቸው። «ቃልሽን አምነን ነበር» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ
ቅዳሴ ላይ መቆም አቃተኝ፣ አቋርጬ ወጣሁ። ዳዊት ሥራውን ልቀቂ ይላል። ብለቅስ? ዋሻው እንደሆን መከፈቱ አይቀርም።

ሰኞ
ዋንጂኩ በሩ ላይ የሚለጠፍ አጭር ጽሑፍ አዘጋጂ አለችኝ። «የአካባቢው ሰዎች ይጸልዩበት የነበረ ቅዱስ ስፍራ» ብዬ ጻፍኩ። እሷ አርማ «የሚጸልዩበት» አድርጋ መለሰችልኝ። ከእንግዲህ ማን ይጸልይበታል?

ከሰዓት በኋላ ምዜ ደወሉ። ድምፃቸውን ስሰማ ከወንበሬ ተነሣሁ። ማማ ዋምቡይ ትንሽ ተሽሏቸዋል አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው «ሌላ ቦታ አለን፣ የት እንደሆነ ግን አልነግርሽም» አሉ።

«አይንገሩኝ ምዜ» አልኩ። «ማንም ቢጠይቅዎት እንዳይነግሩ።»

ከሐሙስ ጀምሮ የከበደኝ ነገር ቀለል አለኝ። ብዙም አልቆየ። በሚመጣው ወር ጫካው ውስጥ የቀሩትን ዋሻዎች ፈልጎ ካርታ ላይ የማስፈር ጥናት አለ። እንድመራው የታሰብኩት እኔ ነኝ፣ ነገ መልስ እሰጣለሁ። ሌላ ሰው ከመራው ያገኛቸዋል።

እኔ ከመራሁት ላላገኝ እችላለሁ።