በሰው ቤት መቃን የተለካ ልብ

ውድ አባባ፣

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብበው። ልብህ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ስትስቅ መነጽርህ ስለሚወድቅ ነው።

አምና ሰልፍ ላይ ፀሐይ መትቶህ ስትወድቅ፣ ሐኪሟ ልጅህ፣ ማለትም እናቴ፣ በምትሠራበት ክፍል አስተኝታህ ነበር። ጨረር ያለው መድኃኒት ክንድህን ተወጋህ፤ ካሜራው ደረትህን እየዞረ ልብህ በአንድ ምት ከያዘው ደም ስንት እጁን እንደሚገፋ ለካ። ከመቶው እጅ ሃምሳ አንዱን። ከማሽኑ ጋር የመጣው መጽሐፍ ደግሞ ከሃምሳ አምስት በታች ደካማ ነው ይላል። በቃ፣ የእንጨት መላጊያህን ለጎረቤት ሰጥተህ፣ ስድሳ ሁለቱን ደረጃችንን ሸሽተህ፣ ሌላ ሰፈር ምድር ቤት የምትኖረው አክስቴ ጋ ሄድክ። ስንሰነባበት ልቤን እንደ እንቁላል ይዤዋለሁ አልከኝ። ሳቅሁ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይህን ለማንም አትንገር፤ ክብር አለኝ።

አሁን ወደ ወሬው። እማዬ መጽሐፉን ማመን አቃታት። ቁጥሮቹ የተሰበሰቡት ከሩቅ አገር ሰዎች፣ በሌላ ማሽን ነው። የእኛ ጤነኛ ሰው ልብ ስንት ይገፋል ብላ ብትጠይቅ የሚመልስ ጠፋ፤ እስከ ዛሬ ካሜራው ሥር የሚተኛው አመመኝ ያለ ብቻ ነዋ። ስለዚህ ጤነኛ ፍለጋ ወጣች።

አባባ፣ ጉድ አመለጠህ። ወትሮ ወገቤን፣ ጉልበቴን የሚሉት የሰፈር ሽማግሌዎች በአንድ ጀንበር ጎረምሳ ሆኑ። ጡረታ የወጡት አስተማሪ ደረታቸውን ነፍተው ሄዱ፤ ደም ግፊታቸው ሲለካ የመድኃኒት ወረቀት ተሰጥቷቸው ተመለሱ። እስከ ዛሬ ፈተናው ተጭበርብሯል ይላሉ። ልብስ ሰፊው አለፉ፤ ግን አይንቀሳቀሱ ቢባሉ የጉርምስና ታሪካቸውን በሁለት እጃቸው ጭምር እየተረኩ ምስሉን አበላሹት። እማዬ አፋቸውን በገዛ መርፌያቸው ልትሰፋው ምንም አልቀራት። (ይህን ያወሩልኝ ራሳቸው ናቸው፤ እማዬማ የሰው ምስጢር አታወጣም።)

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠና አራት ጤነኛ ተለካ። ከትናንት በስቲያ ስሌቱ አለቀ፤ ለወንዶች የጤነኛ ልብ ዝቅተኛው ልክ አርባ ስምንት ሆነ፤ ያንተ ደግሞ ሃምሳ አንድ ነው። እማዬ ግን ራሷን አላመነችም። አባቴ ስለሆነ አዳላለሁ ብላ፣ ስምህን ሸፍና የአምናውን ምስልህን ለሥራ ባልደረባዋ ሰጠች። እሱም ደጋግሞ አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦

«ይሄ ጤነኛ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የመጣው?»

እማዬ ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ባዶ አልጋህ ላይ ተቀመጠች።

«አባቴን በሰው ቤት መቃን ለካሁት» አለች።

በር ከመሥራትህ በፊት የራሱን መቃን ለካ የምትለው አንተ አይደለህ? ከአናጢ የተወለደ ሐኪም እንዲህ ነው የሚያለቅሰው። ቀጥሎ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሁለታችንም ሳቃችንን ማቆም አቃተን።

ቅዳሜ ራሷ መጥታ ልትነግርህ ነው። እኔ ቀደምኳት፤ ስለዚህ እንዳልሰማህ ሆነህ ደንግጥ። ሲበዛ ግን አትደንግጥ፤ እንደገና ካሜራ ሥር ታስተኛሃለች።

የማሽኑን መጽሐፍ ከሄድክ ጀምሮ የሚወዛወዘው ጠረጴዛችን እግር ሥር አድርጌዋለሁ። እዚያስ ልኩ ነው። ግን እማዬ እየፈለገችው ስለሆነ እሑድ ደረጃውን ወጥተህ እግሩን አስተካክልልኝ። እኔ ስድሳ ሁለተኛው ላይ ቆሜ እቆጥርልሃለሁ።

መላጊያህን ከጎረቤት ያስመለስኩት፣
የልጅ ልጅህ