እማ ወደ ሐይቁ ልትመጣ ነው

ሐረር፣ ጁገል
ግንቦት 2006 ዓ.ም.

ለወንድሜ ጓደኛ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ የማይለቅ ብርዳችሁ እንዴት ይዞሃል? በዚህ በኩል ሁሉም ደህና ነው ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ዘንድሮ የዋሸሁት ይበቃኛል። እማ ቪዛ ተሰጣት።

አዎ፣ ተሰጣት። ካልሄድኩ ብላ ስላስቸገረችኝ ግብዣውን ስትፈርምላት፣ መቼም አይሰጧትም ብዬህ አልነበር? እሱን ነበር የተማመንኩት። ስንቱን ጎረምሳ ባዶ እጁን የሚመልስ ኤምባሲ ለአንዲት የሐረር አሮጊት ቪዛ ይመታላታል ብሎ ማን ያስባል? ይከለክሏታል፣ ትንሽ ታዝናለች፣ ነገሩም ይረሳል ብለን ነበር። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ። ለእኔም አብሬያት እንድመጣ ፈቅደውልኛል።

ወንድሜን ነስሮን ሐይቁ የወሰደው ቀን የደወልክልኝ አንተው ነህ። ያኔ አጎታችን ኢብራሂም የእማን ደም ግፊት ፈርተው፣ ጾሙ ይለፍ፣ ከዒድ በኋላ ሽማግሌ ይዘን እንነግራታለን አሉ። ዒድ አለፈ። ደግሞ አረፋ ይለፍ ተባለ። ከዚያ ሀያት እህቴ አርግዛለች፣ ትገላገል ተባለ። መርዶ እንዲህ ከከረመ በኋላ ማን አፉን ከፍቶ ይናገረዋል? የነስሮ ስልክ ለምን እንደማይነሳ ስትጠይቀኝ፣ ሐይቅ ውስጥ ወደቀበት አልኳት። ያንን ውሸት ከየት እንዳመጣሁት አላህ ይወቀው። ከዚያ ወዲያ ስለ ስልኩ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔ ሞኟ አመነችኝ ብዬ ተገላገልኩ።

የዝግጅቷን ነገር ብታይ። ፈረስ መጋላ ወርዳ ፎቶ ተነሳች። ሸዋ በር፣ ቦንዳ ልብስ ከሚሸጡት ዘንድ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ካፖርት ተከራክራ ገዛች። በሰርግም በሐዘንም የማይለዩዋት የአፎቻዋ ሴቶች እየመጡ ነስሮ የላካቸውን ፎቶዎች ያገላብጣሉ። ጨርቅ ታጥቀው ከተራራ የሚዘሉትን ፈረንጆች ሲያዩ፣ አንቺም ልትዘይ ነው ወይ እያሉ ያሾፉባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ነስሮ በጀልባ አዞርሻለሁ፣ ተራራ በሚወጣው ባቡር እወስድሻለሁ ብሎኛል ትላቸዋለች። እኔ ማድቤት ገብቼ እጄን እነክሳለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ሻንጣዋ እንዳይከብድ ከፍቼ አየሁት። ለነስሮ በርበሬና ቅመም ይዛለች ብዬ ነበር፤ ምንም የለም። ካፖርቱ ሥር የነበረው ከፈኗ ነው። ጎረቤታችን ኸዲጃ ከሐጅ ስትመለስ በዘምዘም ውሃ ነክራ ያመጣችላት፣ ለራሷ ቀን ብላ ስንት ዓመት ሣጥን ውስጥ ያኖረችው ነጭ የመገነዣ ጨርቅ። ሰው አገር ልትሞቺ ነው እንዴ የምትሄጂው ብዬ ጮህኩባት። ጨርቁን ከእጄ ወስዳ አጣጥፋ መለሰችው።

ትናንት ጠዋት ደግሞ እግሬን ተራራ ላለማምደው ብላ ከከተማው በላይ ሐኪም የሚባለው ጋራ ላይ ይዛኝ ወጣች። ሦስት ጊዜ አረፍን። ላይ ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከተማውን ቁልቁል እያየች፣ ለዚያ ለነስሮ ጓደኛ ደብዳቤ ጻፊልኝ አለችኝ። ማን አጠበው በይው። ምን አለበሱት? ሲቀብሩት ፊቱን ወደ ቂብላ አዙረውት ይሆን? የሽንኩርት ዋጋ የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው።

መቼ እንዳወቀች አልጠየቅኋትም። ለሀያት ልጅ ስም ስናወጣ እልልታውን ያቀለጠችው እሷ ነበረች። ያን ሁሉ ጊዜ ሆድ ይፍጀው ብላ፣ ተዕዚያ ብሎ ለቅሶ የሚቀመጥላት አንድ ሰው እንኳን ሳይኖር። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷ ግን ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና፣ እንባሽን ለዚያ አቆዪው፣ ብላኝ መውረድ ጀመረች።

እና ጀልባውንም ባቡሩንም ተዋቸው። ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ወደ መቃብሩ ውሰደን። ጥያቄዋን ግን ሳንነሣ መልስልኝ። አንተ ክርስቲያን ነህ፣ የእኛን ሥርዓት ከየት ታውቀዋለህ፣ ለብቻህም ነበርክ፤ አልወቅስህም። አጎቴ በውሃ የሞተ ሸሂድ ነው፣ ሰማዕት ነው ይላሉ። ለእሳቸው በቅቷቸዋል፣ ለእሷ ግን አልበቃትም። ማንም ካላጠበው፣ ማንም አላጠበውም ብለህ ጻፍልኝ። ሐይቁ አጥቦታል ብለህ ግን እንዳታጽናናኝ።

አላህ ከዚያ ውሃ ይጠብቅህ። ለእናትህም አንተን ያቆይላት።

የነስሮ እህት